ጀይሉ ያዞረው መናኸሪያ

ጀይሉ ዘይኑ ቂመኛ ነበር። ይህን የምለው ላማው ብዬ አይደለም፤ ወዳጄ ነው። ደግሞም ቂመኛ ብትሉት "አልሃምዱሊላህ" ብሎ የሚቀበል ሰው ነበር። ሌላው ሰው ሲበደል ይጮሃል፣ ይከሳል፣ ሽማግሌ ይልካል። ጀይሉ ዝም ይላል። እሱ ዝም ካለ ደግሞ በዳዩ ቤት ባይሠራ ይሻለዋል፤ በከሚሴና በዙሪያዋ ከእሱ የተሻለ ግንበኛ ስላልነበረ ዞሮ ዞሮ እጁ ላይ መውደቁ አይቀርም።

አንድ የሰንበቴ ከብት ነጋዴ ጥርሷ ያለቀ አህያ "ገና ልጅ ናት" ብሎ ሸጦለት ነበር። ጀይሉ አልተጣላውም። ከሦስት ዓመት በኋላ ሰውየው ቤት ሊያሠራ መጣ፤ ጀይሉም አሳምሮ ሠራለት። የማድቤቱን መስኮት ብቻ ከቆላ የሚነሳው ነፋስ ቀጥ ብሎ በሚገባበት በኩል ከፈተው። ነጋዴው ዕድሜውን ሙሉ መኝታ ቤቱ ውስጥ በጭስ ሲያለቅስ ኖረ። ይሄ እኮ ወንጀል ነው ብዬ ብነግረው፣ እኔ የከፈትኩት መስኮት ነው፣ ጭሱን ያመጣው ነፋስ ነው አለኝ።

እኔ አብዱሰላም እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ዋናው መንገድ ዳር፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ነው። የምነግራችሁ ሁሉ ከስፌት መኪናዬ ላይ ቀና እያልኩ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ድሮ ከሚሴ መናኸሪያ የሚባል አልነበራትም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፉት አውቶቡሶች የሚቆሙት ከአንዲት ትንሽ የሰላት ቤት ደጃፍ ነበር። ያቺን ቤት የሠሯት የጀይሉ አባት አባ ዘይኑ ናቸው። ጎልማሳ ሳሉ ድንጋዩን ከቦርከና ዳር በአህያ እያመላለሱ፣ ራሳቸው እየጠረቡ፣ ያለ ረዳት ሁለት በጋ ፈጅተው አቆሟት። መጀመሪያ አንድ ሾፌር ለቀትር ስግደት፣ ለዙህር ቆመ። ሌላው አየውና ቆመ። ተሳፋሪው ከአባ ዘይኑ ጋን ውሃ ጠጣ፤ ሸንኮራ የሚሸጥ መጣ፤ ከጨፋ ሮቢት ማሽላና በቆሎ ያመጡ ገበሬዎች ጆንያቸውን ከግድግዳው ጥግ መደርደር ጀመሩ። በጥቂት ዓመት ውስጥ የአውቶቡስ ረዳቶች "ከሚሴ" ማለቱን ትተው "ዘይኑ ጋ ወራጅ አለ?" ይሉ ጀመር። የከተማችንን መናኸሪያ የፈጠራት ሰላት ናት፤ መንግሥት የደረሰው በኋላ ነው።

የደረሰውም በ1974 ዓ.ም. ነው፤ ያደረሰውም ሙህዲን ነው። ሙህዲን የከተማዋ ልጅ፣ የሸህ ልጅ ነው። የዓረብኛ ፊደሉን፣ አሊፍ ባ ታን የቆጠረው እዚያችው ሰላት ቤት ግቢ፣ አባ ዘይኑ ጉልበት ሥር ተቀምጦ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ካኪ ለበሰ፣ ካድሬ ሆነ፣ ከሰገደም ስምንት ዓመት አለፈው። ለከተማዋ ዘመናዊ መናኸሪያ ይሠራ ሲባል የግንባታው ኮሚቴ ሊቀመንበር እሱ ሆነ። መናኸሪያውን ማንም አልጠላውም፤ ዝናብና ፀሐይ የሰለቸን ሰዎች ነበርን። ባዶ ሜዳ ደግሞ ሞልቶ ነበር። ሙህዲን ግን ከበላዩ ላሉት መታየት ፈለገና፣ የሰላት ቤቷ ካልፈረሰች አዲስ ነገር አይሠራም ብሎ ወሰነ።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ጀይሉን አስጠራውና አፍራሹ አንተ ነህ አለው። የሠሪው ልጅ በገዛ እጁ ካፈረሳት ሕዝቡ ትንፍሽ አይልም፤ እምቢ ካልክ ደግሞ አባትህን እናስራለን አለ። አባ ዘይኑ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ደረታቸውን ያፍናቸዋል። እስር ቤት አንድ ሳምንት አይዘልቁም። ጀይሉ መዶሻውን ይዞ ጣሪያው ላይ ወጣ።

ያን ዕለት አባ ዘይኑ እኔ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሙስበሃ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ሁሉንም አዩ። ቆርቆሮው ሲወርድ አዩ፤ ወጋግራው ሲሰበር አዩ፤ ራሳቸው የጠረቧቸው ድንጋዮች አንድ በአንድ ሲወድቁ አዩ። ሲያልቅ ጀይሉ አቧራውን እንደ ለበሰ መንገዱን ተሻግሮ መጣና "አሰላሙ አለይኩም" አላቸው። በእኛ አገር ሰው ሲገናኝ እጅ ለእጅ ተያይዞ ይሳሳማል፤ ልጅና አባትማ ሌላ ነው። አባ ዘይኑ ሰላምታውን በከንፈራቸው መለሱ። እጃቸውን ግን ከጋቢያቸው ውስጥ አላወጡም።

ለምን እንዳፈረሰ ያውቃሉ። እኔም ነገርኳቸው፣ የጀይሉ ሚስት ኡምኩልሱምም እግራቸው ላይ ወድቃ ነገረቻቸው። መታሰሩ ለእኔ ይቀለኝ ነበር፣ ማን ምረጥልኝ አለው ብቻ አሉ። ከዚያ ወዲያ ጀይሉ ጠዋት ጠዋት አባቱ ዘንድ ይሄዳል፤ ሰላምታ ይሰጣል፤ ሰላምታ ይመለስለታል፤ እጁ ባዶውን ይመለሳል። እኔ ሽማግሌውን ታዘብኳቸው። ጀይሉ ግን አንድም ቀን በአባቱ ላይ አልተማረረም። ንዴቱን ሁሉ ሰብስቦ ሙህዲን ላይ ጫነው።

አንድ ቀን እኔ ሱቅ ተቀምጦ ሙህዲን በመንገዱ ሲያልፍ እያየ፣ ቀስ ብሎ "አልገድለውም" አለኝ። "የሞተ ያርፋል። እኔ የምፈልገው በየቀኑ እንዲያየው ነው። በየቀኑ እያየ ምንም ማድረግ እንዳይችል።"

ምኑን እንደሚያይ አልነገረኝም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ብዬ መቀሴን አነሳሁ።

ሰኔ ሳይገባ ፕላን መጣ። አንድ መሐንዲስ ከደሴ መጥቶ፣ ችካሉን መንገዱን ተከትሎ አስመትቶ፣ በማግስቱ ተመለሰ። በፕላኑ መሠረት አዳራሹ ረጅም ጎኑን ለመንገዱ ሰጥቶ፣ በሮቹ ወደ ምዕራብ ይከፈታሉ። ትኬት መቁረጫው ጥግ ላይ ነው። ሥራው ለጀይሉ ተሰጠ፤ ሌላ ማን አለና። ሙህዲን ደግሞ ከፈረሰችው ቤት የተረፈው ድንጋይ ለመሠረት ይዋል፣ የሕዝብ ንብረት አይባክንም ብሎ አዘዘ። ጀይሉ "እሺ ጓድ" አለ። "ጓድ" ሲል መጀመሪያ የሰማሁት ያኔ ነው፤ አንድ ነገር እንዳሰበ ጠረጠርኩ።

በሦስተኛው ቀን ጀይሉ ሙህዲንን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠራው። የከሚሴን የዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ የሚያውቅ ያውቃታል። የመግቢያው በር በሚሆንበት ቦታ ላይ አቆመውና ስለ ድንጋይ፣ ስለ አሸዋ፣ ስለ ሲሚንቶ እያወራ አንድ ሰዓት ሙሉ አልለቀቀውም። ሙህዲን በወፍራም ካኪው ውስጥ ላቡ እስከ ጫማው ወረደ። ከዚያ ጀይሉ በትሕትና፣ ተሳፋሪው እንግዲህ በየቀኑ እንዲህ ፀሐይ እየመታው ነው የሚጠብቀው አለ። ሕንጻው ቢዞርስ? ጠባቡ ጎን ለፀሐይ ይሰጥ፤ ረጅሙ ግድግዳ በሰሜን በኩል ይዘጋ፤ በሮቹ በደቡብ ወደ አውቶቡሶቹ ይከፈቱ። ትኬት መቁረጫውም ሰው እንዳይጋፋ ከሰሜኑ ግድግዳ መሃል ይሁን።

ይህ ሁሉ እውነት ነበር፤ የጀይሉ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ማንም መሐንዲስ ቢመጣ "ልክ ነው" የሚለውን ነገር ነው የተናገረው። ሙህዲን ግንባሩን እየጠረገ ተቀበለ። መቀበል ብቻ ቢሆን! ሐሳቡን የራሱ አደረገው። "የሰፊውን ሕዝብ ምቾት በማሰብ፣ በሊቀመንበሩ ጥናት የተደረገ ማሻሻያ" ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማኅተም መታበት፣ አንዱን ቅጂ ወደ ላይ ላከ። ጀይሉ ይህን ሲሰማ ሁለት ቀን ሙሉ እያፏጨ ሠራ።

እኔ የገባኝ ሲባጎው በአዲሶቹ ችካሎች ላይ ሲወጠር ነው። ቂብላችን ሰሜን ነው፤ ወደ ደሴ። ልጅ ሆነን የሰገድነው ሁሉ ወደዚያ ነው። ከመኪናዬ ቀና ስል ሲባጎው ከፈረሰችው ሰላት ቤት የግድግዳ ፍርስራሽ ጋር አንድ መስመር ላይ መሆኑን አየሁ። መርፌው ጣቴን ወጋኝ።

መንገዱን ተሻግሬ ጀይሉን በጆሮው፣ አብደሃል ወይ አልኩት። መናኸሪያ ነው የምሠራው አለኝ። ግድግዳው ከፍ ሲል ግን ነገሩ ይበልጥ ለየ። ትኬት ቆራጩ የሚቀመጥበትን ቦታ ወደ ውጭ ጎበጥ አድርጎ፣ ከላይ በቅስት ዘጋው፤ ከፈረሰችው ቤት የመጡትን የአባቱን ድንጋዮች መሠረት ውስጥ አልቀበራቸውም፣ እዚያ ቅስት ላይ ደረደራቸው። ከቅስቱ በስተቀኝ ሦስት ደረጃ ሠራ፤ ተራ አስከባሪው ቆሞ የአውቶቡስ ስም የሚጠራበት ነው ተባለ። መስጊድ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ኢማሙ ቆሞ የሚያሰግድበት ሚህራብና ወጥቶ የሚሰብክበት ሚንበር ከፊቱ ቆመው ያያል። መስጊድ መግባት የተወ ሰው ትኬት መቁረጫና ደረጃ ያያል።

ከተማው ሁሉ አወቀ። ድንጋይ ጠራቢው አወቀ፣ አሸዋ ጫኙ አወቀ፣ ከአፋር በረሃ ግመል ነድተው ለገበያ የሚያልፉት እንኳ ቆም ብለው አይተው አወቁ። ማንም ምንም አላለም። ሙህዲን በየሳምንቱ እየመጣ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ በርቱ ይል ነበር።

የፈራችው ኡምኩልሱም ብቻ ነበረች። ባሏ ቢታሰር ልጆቹን ይዛ የት ትገባለች? አንድ ቀን ምሳውን ይዛ እኔ ሱቅ መጣችና ፊቴ፣ "ያ ጀይሉ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አሉ። ዱጋ ነው፣ ሰው የሚለው እውነቱን ነው። ማል ጎና? ምን ልናደርግ ነው ቢይዙህ?" አለችው።

"እኔ ጸሎት አልያዝኩም" አላት እየጎረሰ። "ግንብ ነው የያዝኩት።"

ግንቡ በአንድ ዓመት ከስምንት ወሩ አለቀ። ጥቁር ድንጋዩ እኩል ተጠርቦ፣ መጋጠሚያው በሲሚንቶ ተለስኖ፣ ቆርቆሮው እያንጸባረቀ፣ ወለሉ ለስልሶ፣ እውነት ለመናገር እስከ ደሴ ድረስ የሚስተካከለው አልነበረም። ለምረቃው ከክፍለ ሀገሩ አንድ ትልቅ እንግዳ ተጋበዘ፤ ቀይ ጨርቅ ተሰቀለ፤ ሕዝብ ተሰበሰበ። ዕለቱ የሰንበቴ ገበያ ማግስት ስለነበር ወደ ኮምቦልቻ የሚሳፈሩ ሴቶች ቅቤያቸውንና ዶሮአቸውን ይዘው ቀድመው ደርሰዋል።

የሆነው እንዲህ ነው። ከሰንበቴዎቹ ሴቶች አንዲት ባልቴት መጀመሪያ በሩ ላይ ደረሰች። ወደ ውስጥ አየች፤ ቅስቱን አየች፤ ሦስቱን ደረጃ አየች። ማንም ምንም አላላትም። "ቢስሚላህ" አለችና ኮንጎ ጫማዋን አውልቃ፣ ከበሩ ጥግ አስተካክላ አስቀምጣ፣ ቀኝ እግሯን አስቀድማ ገባች። ከኋላዋ ያለችውም አወለቀች። ሦስተኛዋም። ከዚያ ወንዱም። እንግዳው ከመኪናው ሲወርድ በመናኸሪያው በር ላይ ኮንጎው፣ ሸበጡ፣ በረባሶው እንደ አርብ ሰላት ተደርድሮ ጠበቀው።

እንግዳው ቆመና ይህ ሁሉ ጫማ ምንድን ነው አለ።

ሙህዲን ጫማዎቹን አየ። ከጫማዎቹ ወደ ሰዎቹ፣ ከሰዎቹ ወደ ቅስቱ፣ ከቅስቱ ወደ ደረጃው ዓይኑ ሄደ። እኔ ከጎኑ ሦስት እርምጃ ላይ ነበርኩ። ልጅ እያለ አሊፍ ባ የቆጠረበት ዘመን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲመለስበት ፊቱ ላይ አየሁት። አመድ መሰለ። ጀይሉ ደግሞ ከሕዝቡ መሃል ቆሞ ዓይኑን ከእሱ ላይ አልነቀለም። ያን ቀን ለማየት ነው ሁለት በጋ ድንጋይ የጠረበው።

"የንጽሕና ዘመቻ ነው፣ ጓድ" አለ ሙህዲን፤ ድምፁ ቀጠነ። "ሰፊው ሕዝብ በላቡ የሠራውን ወለል እንዳያቆሽሽ ራሱ ተስማምቶ ያደረገው ነው።"

እንግዳው በጣም ደስ አለው። እንዲህ ያለ ንቃት የትም አላየሁም አለና ጎንበስ ብሎ የራሱን ጫማ ፈታ። ሊቀመንበሩ ጫማ አድርጎ ሊገባ ነው? ሙህዲንም ቡት ጫማውን መፍታት ጀመረ፤ ክሩ እምቢ አለው። ሲያወልቅ የግራ ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ ብቅ ብሏል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ኃጢአት ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ጠጣ።

ከሁለት ቀን በኋላ ሙህዲን እኔ ሱቅ ድረስ መጣ። ጀይሉ ሻይ እየጠጣ ነበር። ሆን ብለህ ነው ያደረግከው፣ አስፈርድብሃለሁ፣ ግድግዳውንም አስፈርሳለሁ አለው። ጀይሉ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"አስፈርስ" አለው። "ግን ማን ፈረመ፣ ሙህዲን? በማን ጥናት ነው የዞረው? አንተ የሸህ ልጅ ነህ። 'ግንበኛው አታለለኝ' ብትል ማን ያምንሃል? ቂብላውን የማያውቅ የከሚሴ ልጅ አለ ብትላቸው ጓዶችህ ይስቃሉ እንጂ አያምኑህም። እኔ አንድ ግንበኛ ነኝ፤ የታዘዝኩትን ሠራሁ። ከታሰርን ግን አብረን ነው የምንታሰረው፤ አንተ ቀድመህ።"

ሙህዲን ፊቱን አዙሮ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመናኸሪያው ዘበኛ እሱ ሆነ ማለት ይቻላል። አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ዙህር ሲደርስ እዚያው ተነስቶ መስገድ ጀመረ፤ ትኬት ቆራጩም ወንበሩን ገለል ያደርግ ነበር። ሙህዲን በየቀኑ ቀትር ላይ በሩ ላይ ቆሞ የመንግሥት መኪና እንዳይመጣ መንገዱን ያያል። ሪፖርት ላይ የሚጽፈው ጠፋው። ከሳ። ሱሪውን ሁለት ጊዜ አጠበብኩለት፤ ጀይሉ ስንት ጣት እንዳጠበብኩ ጠይቆኝ ነገርኩት።

የቀረው አባ ዘይኑ ነበሩ። የሰላት ቤቷ ከፈረሰች ወዲህ መንገዱን ተሻግረው አያውቁም። ጀይሉ አንድ ረቡዕ ከቀትር በፊት ንጹሕ ልብሱን ለብሶ ሄደ፤ እኔንም ይዞኝ ሄደ። አንድ ጊዜ ብቻ መጥተው ይዩልኝ አላቸው፤ ለመናቸው። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ። ጀይሉ ከፊት ከፊት ሲሄድ ዓይኑ በርቶ ነበር፤ ያን ዕለት እጃቸውን እንደሚሰጡት ምንም አልተጠራጠረም። እኔም አልተጠራጠርኩም።

አባ ዘይኑ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። አዳራሹ ዙህርን በሚጠብቁ ተሳፋሪዎች ሞልቷል። ሙህዲን እንደ ልማዱ በሩ አጠገብ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አባ ዘይኑ ቀስ እያሉ እስከ ቅስቱ ሄዱና ድንጋዮቹን በመዳፋቸው ዳሰሱ። አወቋቸው። ራሳቸው የጠረቧቸው ናቸው።  ከዚያ ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ አጋድመው መስመሩን አዩ።

"ቂብላው አንድ ጣት አልሳተም" አሉ።

የጀይሉ ዓይን እንባ ሞላ። እጁን ሊዘረጋ ሲል ሽማግሌው ዞር ብለው አዩት።

"ይህን ግድግዳ ስታቆም በልብህ ማን ነበር?"

ጀይሉ ለአባቱ ዋሽቶ አያውቅም። በሩ አጠገብ ወደ ቆመው ሰውዬ ተመለከተ። "ሙህዲን ነበር፣ አባ" አለ።

"ከመሠረቱ እስከ ቆርቆሮው?"

"ከመሠረቱ እስከ ቆርቆሮው።"

"እንግዲያው የዚህ ቤት ቂብላው ሙህዲን ነው" አሉ አባ ዘይኑ። "እኔ ወደ ሙህዲን አልሰግድም።"

ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ደክሟቸው ነበር። ምርኩዛቸውን አንስተው በመጡበት ተመለሱ፤ ሙህዲንን አልፈው ወጡ፤ ጫማቸውን አድርገው ሕንጻውን በጎን ዞሩና ከሰሜኑ ግድግዳ ጀርባ፣ ግንቡን ከኋላቸው ጥለው፣ ጋቢያቸውን አቧራው ላይ አነጠፉ። በመጀመሪያ የተከተለቻቸው አንዲት ዶሮ የያዘች ሴት ነበረች። ከዚያ አንድ ገበሬ። ከዚያ ሁሉም ጥቅሉን እያነሳ ወጣ፤ ትኬት ቆራጩ እንኳ ወጣ። ጀይሉን እጁን ይዤ ጎተትኩት፤ አልተንቀሳቀሰም። በሽማግሌው ተናድጄ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው እናደዳለሁ። ግን ሰላቱ ሊያመልጠኝ ስለሆነ ወጣሁና ከሰጋጆቹ ረድፍ፣ ከሶፉ ገባሁ።

ጨርሰን ስንነሳ አባ ዘይኑ ከጎናቸው ለቆምነው ሁሉ እጃቸውን ሰጡን፤ ተሳሳምን። ወደ ሱቄ ለመመለስ በመናኸሪያው በር በኩል ሳልፍ ወደ ውስጥ ተመለከትኩ። በዚያ ሁሉ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ የቀሩት ጀይሉና ሙህዲን ብቻ ነበሩ።